ዱአው እስኪያልቅ ፔዳሉን ያዝ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ሚስቴም፣ አብረውኝ የሠሩ ረዳቶችም፣ መካነ ሰላም መናኸሪያ ቲኬት የሚቆርጡትም ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። ሃያ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ከተሳፋሪ ተጣልቻለሁ፤ ከትራፊክ ተጣልቻለሁ፤ አስፋልት መሐል ቆሞ አልነቃነቅ ካለ በቅሎ ጋር ሳይቀር ተጣልቻለሁ። በቅሎው እንኳ በስተመጨረሻ መንገድ ለቆልኛል። አንድ ሰው ብቻ በቁጣዬ ተነቃንቀውልኝ አያውቁም። እሳቸውም አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አልመለሱልኝም።

እኛ ሾፌሮች «ጋሼ ፍሬን» ነው የምንላቸው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አላቸው። ግቢው መሐል በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ አለ፤ መኪናው ከላይ ይቆማል፣ እሳቸው ከታች ይገባሉ። ሞተር አይነኩም፤ ካምቢዮ አይነኩም። «ሞተር እምቢ ቢልህ እዚያው ትቀራለህ፤ ፍሬን እምቢ ቢልህ ግን የት እንደምትቀር አሏህ ነው የሚያውቀው» ይላሉ። ስለዚህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍሬን ብቻ ሠሩ። ከማሻም ከከላላም እህል የሚያመላልሱ የጭነት መኪናዎች፣ ደሴ የሚመላለሱ አውቶቡሶች፣ ሁሉም አንድ ቀን እዚያ ጉድጓድ ላይ ቆመዋል።

ሥራቸውን ቆሞ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ረጅም ቁልቁለት ወርዶ የመጣ መኪና ግቢያቸው ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ዞረው ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። ሰው ሁሉ የሚፈራው የጋለውን ጎማ ነው፤ እሳቸው ግን የሚፈሩት የቀዘቀዘውን ነበር። «ይሄ ሰነፍ ነው። ወንድሞቹ ሲሠሩ እሱ ተኝቶ ነው የመጣው» ይሉና ጎማውን ያስፈቱታል። ሲፈታም ያሉት አይቀርም፤ ወይ የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሷል፣ ወይ ማስተካከያው ዝጎ ደርቋል። እንዴት እንደሚያውቁት ስጠይቃቸው «እጄ ነገረኝ» ብቻ ነው መልሳቸው።

እኛ ሾፌሮች ደግሞ አንድ የተረገመ ዓመል አለን። የትልቅ መኪና ፍሬን የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ የአንዱ ጎማ ፍሬን አየር ማፍሰስ ሲጀምር ቱቦውን አጥፈን በሽቦ ጠፍረን፣ በቀሩት ጎማዎች ፍሬን እንሄዳለን። አንድ ቀን እኔም እንደዚያ አድርጌ መጣሁ። ጋሼ ሽቦውን አዩት፤ አልተቆጡም። በርጩማ አመጡና ከፊቴ ተቀመጡ። «የገበሬ ልጅ ነህ አይደል?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። «አንድ እግሩ የተሰበረ በሬ ጠምደህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ከመኪናዬ ውስጥ አውጥቼ ጣልኩ።

መኪና እንዳይንቀሳቀስ ጎማ የሚይዙባቸው ሁለት ታኮ አላቸው፤ ከወይራ ተጠርበው በግራሶ የጠቆሩ። መኪና ሲገባ ከኋላ ጎማ ሥር እሳቸው ራሳቸው ይሰኳቸዋል፤ ሥራው አልቆ «ሂድ» ሲሉም እሳቸው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያነሷቸዋል። ሌላ ሰው አይነካቸውም። አንድ ጊዜ ችኮላዬ ይዞኝ በእግሬ ገፋ ላደርግ ስል ክንዴን ያዙኝና «ተው ልጄ፣ እሱ የኔ ፊርማ ነው» አሉኝ።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የዱአው ነገር ነው።

የኛ አገር ሰው ያለ ዱአ መንገድ አይወጣም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያው ነው። አውቶቡስ ከመነሣቱ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ይነሣና ይመርቃል፤ የቀረው እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ሾፌሩ ለክብሩ ሞተሩን ያጠፋል፤ ቴፑም ይዘጋል፤ የሚሟገተውም ዝም ይላል። ጋሼ ታዲያ ድሮ በወጣትነታቸው አንድ ነገር ታያቸው፤ በዚህች ከተማ ጸጥታ የሚገኘው በዱአ ሰዓት ብቻ ነው። ወፍጮው ይጮኻል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ገበያው ይጮኻል። አየር ሲያፈስ የሚሰማው ድምፅ ግን ቀጭን ነው፤ እባብ ሣር ውስጥ ሲሄድ እንደሚሰማው ያለ። ስለዚህ ምርመራቸውን ከዱአው ጋር አጋጠሙት። ሞተሩ አየሩን ሞልቶ ይጠፋል። ታኮው ጎማውን ይዟል። አዛውንቱ መመረቅ ሲጀምሩ ሾፌሩ የፍሬኑን ፔዳል እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ እስኪያልቅ ድረስ እግሩን አያነሣም። ጋሼ በጎማዎቹ ዙሪያ ጆሯቸውን ጥለው ይዞራሉ። ፍሬኑ ደህና ከሆነ ጋቢና ያለው የአየር መለኪያ መርፌ ዱአው ሲጀመር የነበረበት ላይ ዱአው ሲያልቅም ይገኛል። የሚያፈስ ከሆነ መርፌው ይወርዳል። የኛ አገር የፍሬን ምርመራ ሰዓቱ የአንድ ዱአ ርዝመት ነው። የትም አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጆሯቸው ከዳቸው። ዕድሜ ልክ ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረው ምን ይደረግ። ሥራውን ግን አልተዉም። እሳቸው ከጎማው ዘንድ ይቆማሉ፤ መርፌውን የሚያየው ሾፌሩ ነው፤ ዱአው ሲያልቅ «መርፌውስ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሾፌሩ በአውራ ጣቱ ምልክት ያሳያል። ስንት ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድም ሾፌር ዋሽቷቸው አያውቅም ነበር፤ እኔ እስክዋሻቸው ድረስ።

የዋሸሁበትን ቀን ልናገር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚጓዙበት ቀን ነበር። አሁን እንደምታውቁት ልጆቹ በየትምህርት ቤታቸው አይፈተኑም፤ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ርቀው ይሄዳሉ። የወላጅ ኮሚቴው አምስት አውቶቡስ አዘጋጀ፤ ጋሼ ፍሬን ያላዩት አንድም አውቶቡስ እንዳይነሣ ብሎም ወሰነ። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ገብቷል፤ አስፋልቱ ያንሸራትታል። ጋሼ ከንጋት ጀምረው ግቢያቸው ደጃፍ መንገዱ ላይ ሲሠሩ አራቱን አሰናበቱ። የኔ አምስተኛ ነበር። የተማሪዎች ምዝገባ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ አይገባም ተብለናል።

እኔን ያስቸኮለኝ ምዝገባው ብቻ አይደለም። ልጄ ከተፈታኞቹ አንዷ ነበረች። ብቸኛ ልጄ። ከዚያ በፊት ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጥል አንድ ዓመት ባክኖባታል፤ ያን ዓመት በሙሉ ቤት ተቀምጣ ደብተሯን ስታገላብጥ፣ እኔን በፈገግታ «አይዞህ አባዬ» ስትለኝ አይቻለሁ። እሷ ሳትሆን እኔ ነበርኩ የማለቅሰው፤ ያውም ጋቢናዬ ውስጥ ተደብቄ። ይህ ፈተና ካመለጣት ሌላ ዓመት መቀመጧ ነው። ያን ማሰብ አልቻልኩም።

እውነቱን ለመናገር ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ጥርጣሬ ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት መርፌው ከወትሮው ዝቅ ብሎ አገኘው ነበር። «ብርድ ነው» አልኩ ለራሴ። ሰው ራሱን ሲዋሽ እንዴት ይቀለዋል! ብርድ ከሆነማ ደጋው አቀስታ ያደረ መኪና ሁሉ ፍሬን ባልኖረው።

የዚያን ዕለት ጠዋት «ቦሎ ለጥፌያለሁ፣ ዓመታዊ ምርመራ አልፌያለሁ፣ ምን ቀረኝ?» ብዬ ጋሼ ላይ ጮህኩባቸው። ለደንቆሮ ደግሞ መጮህ ያመቻል። እሳቸው ታኮውን እየሰኩ «ቦሎው ያለው መስታወትህ ላይ ነው፤ ፍሬኑ ግን ጎማህ ውስጥ ነው» አሉኝ። ቆሽቴ አረረ።

ያኔ ነው ተንኮሉ የመጣልኝ። ልጆቹን ለመሸኘት ከመጡት መሐል ሁለት መራቂዎች ነበሩ። አንደኛው ሼህ ናቸው፤ የሳቸው ዱአ ከተጀመረ የጫንከው አህያ ጭነቱን ይዞ ይተኛል። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የቀበሌ ሰው ናቸው፤ ምርቃታቸው ከሰላምታ አይረዝምም። ጠጋ ብዬ ሁለተኛውን «አባባ፣ ልጆቹ እንዳይረፍድባቸው ዛሬ እርስዎ ይመርቁልን» አልኳቸው። ክብር መስሏቸው ደስ አላቸው። የዓለም ፍሬን ሠሪ ሁሉ ምርመራውን የሚያጭበረብር ሾፌር አይቶ ይሆናል፤ አጭር ዱአ መርጦ ያጭበረበረ ግን ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሞተሩን አጠፋሁ፤ ፔዳሉን ረገጥኩ። «በሰላም ግቡ፣ በሰላም ተመለሱ፣ ፈተናው ይቅለላችሁ!» አሉ አባባ። «አሚን!» አለ ሕዝቡ። በቃ፤ አለቀ። መርፌዋ ጥቂት ነቅነቅ አለች እንጂ ብዙ አልወረደችም። እፎይ ብዬ አውራ ጣቴን ላወጣ ስል ጋሼ ከኋላ ጎማው ዘንድ ሆነው «ምነው፣ ዛሬ ዱአው አጠረ?» አሉ። ሰው ሳቀ። «ልጆቻችን እኮ ናቸው የሚሄዱት፤ እኔም ልመርቃቸው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ጋሼ በሰው ፊት ሲመርቁ አይቼ አላውቅም። በስፖኪዮ ተመለከትኳቸው፤ የዘረጉት አንድ እጃቸውን ብቻ ነው። ሌላው ከጎማው ጀርባ ነበር። አርጅተዋል፣ ተደግፈው ነው አልኩ።

«ያ ረቢ፣ ለነዚህ ልጆች ልቦናቸውን ክፈትላቸው።»

«አሚን!»

«ያነበቡትን አታስረሳቸው። ያላነበቡትንም አንተ አስታውሳቸው።»

«አሚን!» አሉ ልጆቹ፤ የሳቁም ነበሩ።

ሰማዩን መረቁ፤ ዝናቡን መረቁ፤ የሸኙ እናቶችን መረቁ፤ የሚያስተምሯቸውን መረቁ፤ እስክሪብቷቸው መሐል ላይ እንዳይደርቅ መረቁ። በሽተኛውን፣ እስረኛውን፣ መንገደኛውን አንድ በአንድ አነሱ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት ለራሷ አሳጠረች አለ አሉ፤ እኔም አሳጥራለሁ ብዬ ይኸው የባሰውን አመጣሁ። መርፌዋ ወረደች። አሚን በተባለ ቁጥር ትወርዳለች። ከስምንት ተነሥታ ሰባትን አለፈች፤ ስድስት ደረሰች። «አገራችንን ሰላም አድርግልን» ሲሉና ሕዝቡ ከልቡ አሚን ሲል መርፌዋ ቀዩ ላይ ተኛች።

«መርፌውስ?» አሉ ጋሼ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ አውራ ጣቴን በመስኮት አወጣሁ። አልበቃኝም፤ አንገቴንም አወጣሁና «ይዟል!» ብዬ ጮህኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ጆሮዬ እንግዲህ ሄዷል፤ የምሰማው ባንተ ዓይን ነው። ይዟል ካልክ ይዟል።» ይህን ብለው እዚያው ጎማው አጠገብ ቆመው ቀሩ።

ሞተሩን አስነሣሁ፤ አየሩ መሙላት ጀመረ። ያኔ ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁ። ልጄ ከፊተኛው ወንበር፣ ልክ ከጀርባዬ ነበር የተቀመጠችው። ልጅ ሳለች የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀምጣ ከኔ ጋር ስትመላለስ ያደገች ናት፤ መርፌ ማንበብ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው የተማረችው። ይህን እንዴት ረሳሁት? የተጠቀለለ ብርድ ልብሷን በብብቷ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አድርጋ ወረደች። ዝናቡ ያካፋ ነበር፤ መንገዱ ዳር ቆመች።

«ምን ረሳሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ግቢያ! ረፈደ እኮ!»

«ሂዱ፤ እኔ ይቅርብኝ» አለች።

«ፈተናሽስ?» ብዬ ጮህኩ። ያን ጊዜ ድምፄ የቁጣ አልነበረም፤ የፍርሃት ነበር። አልመለሰችልኝም። ጓደኞቿ በመስኮት «ምን ሆንሽ?» ይሏታል፤ ለነሱም አልተናገረችም። አባቴ ዋሽቷል ብትል ሁሉም ይወርድ ነበር። እኔን ግን በሰው ፊት አላዋረደችኝም። ልብሷን አቅፋ ዝናብ ላይ ቆማ ዓመቷን ተወችው። ከዚያ ሁሉ ንባብ በኋላ! እናንተዬ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ ጋሼ ዘንድ ሄድኩና ጆሯቸው ላይ «መርፌው አሁን ወረደ» አልኳቸው። አሁን! ልብ በሉ፣ እዚያም ላይ ግማሹን ዋሸሁ። ሰው ፊት ነው፣ ምን ላድርግ፣ ምላሴ እውነቱን ሙሉ ለሙሉ አላወጣ አለች።

«አብሽር» አሉኝ። በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከአውቶቡሱ ሥር ገቡ። አንድም ጎማ አልዳሰሱም፤ በቀጥታ ወደ ኋላው ቀኝ ጎማ ነው የሄዱት። በየጎማው ጀርባ ጣሳ የሚያክል ብረት አለ፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ በአየር ሲገፋ ነው ሸራው ከታምቡሩ ጋር ተጣብቆ ጎማውን የሚይዘው። ጣሳውን ፈቱ፤ ላስቲኩን አውጥተው ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ዘረጉት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ ሲዘረጉት ብርሃን ታሳልፋለች። ወላጆቹ ተጠጉ። ስንት እናት ያቺን ብርሃን እንዳየች አላውቅም።

መለወጫ ላስቲክ አልነበራቸውም። ግቢያቸው ውስጥ እህል ጭኖ የቆመ የከላላ መኪና ነበርና ሾፌሩን የሱን ላስቲክ ቢጠይቁት «ፍቱት፤ እኔ እቆያለሁ። ልጆቹ ይሂዱ» አለ። እሳቸው ሲፈቱ፣ ሲያጸዱ፣ ሲገጥሙ እጃቸውን ቆሜ አየሁ። አይቸኩሉም፤ ግን አንዲትም ትርፍ እንቅስቃሴ የለችም። ዳዶውን አጥብቀው ሲጨርሱ በአውራ ጣታቸው ይነኩታል፤ ልክ ልጁን አስተኝቶ ብርድ ልብሱን እንደሚያስተካክል ሰው። የኔ ጩኸት፣ የሕዝቡ ማጉረምረም፣ ዝናቡ፣ ሰዓቱ፣ ምንም ያን እጅ አላፈጠነውም፤ አላዘገየውምም። ሰው በሙያው እንዲህ ሲሆን ማየት መታደል ነው።

ሲያልቅ እኔ ራሴ ሄጄ ሼሁን ለመንኳቸው። «ያሻዎትን ያህል ያርዝሙት» አልኳቸው። አረዘሙት፣ አሏህ ይስጣቸው! እግሬ እስኪደነዝዝ ፔዳሉን ያዝኩ። መርፌዋ ስምንት ላይ ተቸንክራ ቀረች። ልጄ ተመልሳ ከጀርባዬ ተቀምጣ ነበር፤ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፤ እሷም መርፌዋን ነው የምታየው። ጋሼ «መርፌውስ?» ሲሉ እኔ ሳልሆን እሷ ናት በመስኮት አውራ ጣቷን ያወጣችው። ጎንበስ አሉ፤ ታኮዎቹን አነሱ፤ «ሂዱ» አሉን።

ከአቀስታ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ማርሽ ቀንሼ በዝግታ ነበር የምወርደው። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ድንገት ጉሙ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን አግድሞ ዘግቶ አየሁ፤ ተንሸራቶ ነው። በግራዬ ገደል፣ በቀኜ ግድግዳ። ፔዳሉን ረገጥኩ። አውቶቡሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል፣ አራቱም እግሩ እኩል መሬት ይዞ ቆመ። ከመኪናው ጋር የቀረን ሰው የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ነበር። ከኋላ የተኙት ተማሪዎች አልነቁም። አንዱ «ደረስን እንዴ?» አለ። ከጀርባዬ ልጄ በሹክሹክታ «አሚን» ስትል ሰማኋት።

መኪናውን ተጋግዘው እስኪያነሱት ጠበቅን። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ልጆቹ ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ሮጡ። ልጄ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«አባዬ፣ ስትመለስ ለጋሼ ንገራቸው።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ» አለችና ሄደች።

በማግስቱ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ሳልውል ሳላድር ግቢያቸው ሄድኩ፤ ቢያድር እንደማልናገር አውቃለሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ። ከላይ ሦስት ሾፌሮች ተራ ይጠብቃሉ፤ የከላላውም ሾፌር ከነመኪናው ነበር። ተቀመጥኩና ወደ ታች ጎንበስ ብዬ በለሆሳስ «ጋሼ፣ ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው።

«አልሰማሁህም።»

«መርፌው ቀድሞ ወርዶ ነበር። ዋሽቼዎት ነው።»

«ጮኽ በል ልጄ።»

እንግዲህ ምን አማራጭ አለኝ! «ዋሽቼዎት ነበር!» ብዬ ሃያ ዓመት በሰው ላይ በጮህኩበት ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። ከአጥሩ ማዶ የሚሄድ ሰው ሳይቀር ቆመ። ፊቴ እንደ ጋለ ታምቡር ጋለ።

ጋሼ በመሰላሉ ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ጆሮዬ እንጂ እጄ መቼ ደነቆረ! አሚን ባላችሁ ቁጥር አየሩ መዳፌ ላይ እፍ ይል ነበር።»

ያ ከጎማው ጀርባ የነበረው እጃቸው ትዝ አለኝ። «ታዲያ እያወቁ ለምን ጠየቁኝ?» አልኳቸው።

«ቁልቁለቱን የምትወርደው አንተ ነሃ። ፍሬንህን አይቼዋለሁ፤ አንተን ደግሞ ማየት ነበረብኝ።»

ያንን ቀን እንደገና አሰብኩት፤ ሞተሩን ያስነሣሁትን፣ እግሬን ፍሪሲዮኑ ላይ ያደረግኩትን። «ልጄ ባትወርድስ ኖሮ?» አልኳቸው። «ያን ሁሉ ልጅ ጭኜ ብነሣስ ኖሮ?»

ጋሼ በአገጫቸው ወደ ጉድጓዱ አፍ አመለከቱኝ። ሁለቱ የወይራ ታኮዎች ቆሞ በነበረው መኪና የኋላ ጎማ ሥር ተሰክተው ነበር።

«ያኔ ታኮውን መቼ አነሣሁልህ?» አሉኝ፤ ብርሃን ስለከለልኳቸውም ዞር እንድልላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጥተውኝ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ።